ጾም የገደፈችው መኪና

መኪና መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ግን እንዲህ ብዬ ከጀመርኩ ዘበኛ የነበርኩ ይመስላችኋል። መጠበቅ ስል ከሌባ አይደለም። ላሊበላ ውስጥ የጭነት መኪና ማን ይሰርቃል? ሰርቆስ የት ይሄዳል? መንገዱ አንድ ነው፤ እሱም ክረምት ሲገባ የለም። እኔ የምለው መኪና እንዳትዝግ፣ እንዳትላላጥ፣ ውስጧ እንዳይሸት፣ ከዓመት ዓመት ደህና ሆና እንድትቆይ አድርጎ መያዝን ነው። ይህን ሥራ አንድ ሁዳዴ ሙሉ ሠርቼዋለሁ። ግማሹን ሁዳዴ የሠራሁት በስህተት ነው። ስለ ስህተቱ ብዙ፣ ስለ ትክክሉ ትንሽ እነግራችኋለሁ፤ ትክክሉ አያስቅም።

መኪናዋ የእኔ አይደለችም። የወንድሜም አልነበረችም። የገበሬዎቹ የአገልግሎት ማህበር ንብረት ናት። ወንድሜ ሞላ ሾፌሯ ነበር። ስድስት ዓመት ነድቷታል። ግንባሯ ላይ ቀለሟ ተልጦ ነጭ ስለ ሆነ ስሟን ቦራ አላት። በሬ እንጂ መኪና ቦራ ይባላል ወይ ያሉት ሽማግሌዎች ነበሩ። «በሬው ስድሳ ኩንታል ተሸክሞ የኩልመስክን ዳገት ይውጣና ስሙን እመልስለታለሁ» ይላቸው ነበር።

ሞላ ጥር ላይ ሞተ። መኪና ተገልብጦበት አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ እያለ ነው የሚጠይቀኝ። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ። ቦራን መጋዘኑ በር ላይ አቆመ። ቁልፉን ለእናቴ ሰጠ። ተኛ። ከዚያ... እዚህ ላይ ልተወው። ስለ መኪና ነው የምጽፈው።

ከአርባው በኋላ የማህበሩ ሊቀመንበር አያ ንጋቱ ቤታችን መጡ። ጊዜው ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት ነው። እሳቸውም ስብሰባ ላይ ጓድ ንጋቱ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ግን አያ ንጋቱ ይሆናሉ። ያን ቀን የትኛው ሆነው እንደ መጡ አላወቁትም መሰለኝ፤ ባርኔጣቸውን ሁለት ጊዜ አውልቀው ሁለት ጊዜ አጠለቁ።

«ከደሴ ደብዳቤ መጥቷል» አሉ። «ሾፌር የሌላቸውን መኪኖች የሚያይ ኮሚቴ እየዞረ ነው። ለሆሳዕና እዚህ ይደርሳል። ደህና ሆና ካገኟት ሾፌር ይመድቡልናል።»

«ደህና ካልሆነችስ?» አልኩ።

«ትፈታለቻ።»

«ምን ማለት ነው ትፈታለች?»

«ለመለዋወጫ። ሞተሯ አንድ ቦታ፣ ጎማዋ አንድ ቦታ፣ በሯ አንድ ቦታ።»

እኔ እስከዚያ ቀን የሚፈታ ነገር ሳውቅ ሚስት ነው፣ እስረኛ ነው፣ ሕልም ነው። መኪና ስትፈታ አስቤ አላውቅም። ሞላ ልብሱ ለነዳያን ተሰጥቷል፤ ከብት የለው፣ ቤት የለው፣ ልጅ የለው። በዚህ ምድር ላይ እጁ ያለባት ነገር ቦራ ብቻ ናት። ሞተሯን ደሴ፣ በሯን ኮምቦልቻ አድርጌ ላስብ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

«እኔ እይዛታለሁ» አልኩ።

አያ ንጋቱ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «መንዳት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«መጠገንስ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን ትችላለህ?»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ከመኪና የማውቀው ቁልፍ አዙሮ ሞተር ማስነሳት ብቻ ነው። ሞላ ከዚያ አላሳለፈኝም። «መንዳቱን አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ» ብሎኝ ነበር። ጨረስኩ። እሱ ግን አልቆየኝም።

በማግሥቱ ካቢናው ውስጥ ገብቼ ስበረብር ከፀሐይ መከለያው ጀርባ የሞላን ማስታወሻ አገኘሁ። ትንሽ ደብተር ናት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለቦራ የሚደረግ» ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ውስጧ ከውጪዋ ይቅደም። ጭቃ ሳይደርቅ ይነሣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተር ይነሣ፣ ባትሪ እንዳይሞት። ቅባት በየሁለት ሳምንቱ፤ አንድም ቦታ እንዳይቀር።»

የመጨረሻዋን መሥመር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

ቅባት ማለት በእኛ አገር ምን እንደ ሆነ ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቃል። ቅቤ ነው። ራስ ይቀባል፣ ጠጉር ይለሰልሳል፣ ያበራል። ልጠራጠር ብል እንኳ ትምህርቴ አላስጠረጠረኝም። ብረት የሚዝገው በውኃ ነው፤ ቅቤና ውኃ አይዋደዱም፤ ስለዚህ ቅቤ የተቀባ ብረት አይዝግም። ይህን ፈተና ላይ ብጽፈው ሙሉ ነጥብ ያሰጠኛል። «አንድም ቦታ እንዳይቀር» የሚለው ብቻ ትንሽ አስፈራኝ፤ ቦራ ሰፊ ናት።

እናቴ ለፋሲካ ብላ ያስቀመጠችው አንድ ቅል ቅቤ ነበር። እንዴት እንደ ወሰድኩት አትጠይቁኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወሰድኩት፤ ይኸው ነገርኳችሁ።

ከኮፈኑ ጀመርኩ። በእጄ ነው የምቀባው፤ መጀመሪያ ጭብጥ ጭብጥ አድርጌ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ በመዳፌ እዳምጣለሁ። በሮቹን ቀባሁ። ከጎማው በላይ ያለውን ቀባሁ። የጭነቱን ግድግዳ፣ ሾፌሮች ስፖንዳ የሚሉትን፣ ግራና ቀኝ ቀባሁ። መብራቶቿን ሳይቀር ቀባሁ። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየኋት። ወንድሞቼ፣ አበራች! የተለጠው ግንባሯ እንኳ አበራ። ያን ሰዓት ኮሚቴው ቢመጣ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍላችሁም ነበር።

ፀሐይ ወጣች።

የመጋቢት ፀሐይ ነው። ቅቤው መጀመሪያ ላበ፣ ቀጥሎ ወረደ። ከበሯ ወረደ፣ ከግንባሯ ወረደ፤ ከመብራቶቿ ሲወርድ የምታለቅስ ትመስል ነበር። ነፋስ ተነሳ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የገበያው አህያ ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል፣ አቧራውን አንሥቶ ይሰጣታል፣ እሷም ትቀበላለች። እስከ ምሳ ሰዓት ቦራ መኪና መሆኗ ቀርቶ በአግባቡ የበሰለ ድፎ ዳቦ መሰለች። ዝንቡን አልናገርም። ውሾቹን ግን እናገራለሁ፤ የሠፈሩ ውሻ በሙሉ ተሰልፎ ጎማዋን ይልሳል። እኔ በዱላ ከፊት ሳባርር ከኋላ ይመጣሉ፤ ከኋላ ሳባርር ከፊት።

ከሁሉ የባሰው ሽታው ነው። በሁዳዴ፣ በገበያ መካከል፣ የሚነጠር ቅቤ ሽታ! ጾመኛ የሆነ አፍንጫ ደግሞ ቅቤን ከአንድ ቀን መንገድ ያውቃል። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን እትዬ ፋንታዬ ናቸው። ሽታውን ተከትለው፣ አፍንጫቸው ቀድሞ።

«ማነው በጾም ቅቤ የሚያነጥረው?»

«ማንም አያነጥርም እትዬ ፋንታዬ፤ ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቅቤ ያለው?»

መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ። እስከ ክርኔ የሚያበራውን እጄን አዩ። «በስመ አብ!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ነጠላውን አንሥተው ገበያው በሙሉ እንዲሰማ ጮኹ፤ «ኑ እዩ! ለመኪና ቅቤ ቀባት! የሞላ ወንድም! የተማረው!»

የተማረው የሚለው ነው ያመመኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ መኪናዋ ጾም ገድፋለች ወይስ አልገደፈችም? አንዱ ከኋላ፣ «ክርስቲያን ናት እንዴ?» አለ። እትዬ ፋንታዬ ዞረው፣ «ላሊበላ ነዋሪ፣ ስሟ ቦራ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር የተሠራበትን ጠርብ ያመላለሰች፤ ታዲያ ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

የኔታ መጡ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሞላንም እኔንም ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው። ቦራን ሦስት ጊዜ ዞሯት። ውሾቹ እንኳ ቆሙላቸው።

«መኪና አፍ የላትም» አሉ በመጨረሻ። «የገደፍከው አንተ ነህ።»

«አልቀመስኩም እኮ የኔታ! ጣቴን እንኳ...»

«ቅቤውን ከማን ወሰድህ?»

የሚያበራውን እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«የእናትህን የፋሲካ ቅቤ ነው አይደል? እንግዲህ ንስሐህ ይኸውልህ። የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ዓመት ሙሉ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበታል። ከነገ ጀምረህ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየፋቅህ ታነሣለህ። ከሰዓት ደግሞ ይህችን... ይህችን እጠባት።»

ማጠቡ ከመቀባቱ ብሶ ተገኘ። ቅቤና አቧራ ሲጋባ ጭቃ አይባልም፤ ስም ያልወጣለት ነገር ነው። በአመድ ሞከርኩ፣ በፈላ ውኃ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ በእንዶድ ለቀቀ። እንዶዱ አረፋ ሲያወጣ የማስታወሻው የመጀመሪያ መሥመር ትዝ አለኝ። «ውስጧ ከውጪዋ ይቅደም።» ለካ ያበላሸሁት ቅደም ተከተሉን ነው! ይህን ሳውቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሰው ስህተቱን ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ሁለተኛ ስህተት መሆኑን እስኪያውቅ።

ወደ ካቢናው ገባሁ። ወንበሩ ተቀዷል፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተበልቶ አልቋል። የቀረውን አወጣሁና ከአውድማችን ዳር ጭድ አምጥቼ ሞላሁት። ጠቅጥቄ፣ ረግጬ፣ በመርፌና በክር ሰፋሁት። ከዚያ አጠብኩ። ማጠብ ስል በጨርቅ መጥረግ አይምሰላችሁ። ስድስት እንስራ ውኃ ከነእንዶዱ ደፋሁበት። ጣሪያውን፣ መሪውን፣ ወንበሩን፣ አንድ ሳላስቀር። አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። በሮቹን ቆለፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ወለል እየፋቅሁ፣ ከሰዓት ከውጪ እንዶድ እያሸሁ፣ ውስጧን ግን አልነካሁም። ንጹሕ ነው ብዬ ነዋ።

ቅዳሜ ሞተር ላስነሣ በሩን ከፈትኩ።

ወንበሩ አረንጓዴ ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። ዘጋሁና እንደገና ከፈትኩ። የጣት ቁመት ያለው፣ ለምለም፣ እኩል እኩል የቆመ ቡቃያ፣ በስፌቱ በኩል፣ በቀዳዳው በኩል፣ ከመደገፊያው ሳይቀር፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ በቅሏል። ያመጣሁት ጭድ በደንብ ያልተወቃ የገብስ ጭድ ኖሯል። ውኃውን ሰጥቼዋለሁ፤ ሙቀቱን ዘግቼ ሰጥቼዋለሁ። እርሻ ላይ እንዲህ የተሳካልኝ ቀን የለም።

በሩን ቶሎ ብዘጋ ጥሩ ነበር። እትዬ ፋንታዬ ግን ከእኔ ይፈጥናሉ።

«እሰይ!» አሉ። ድምፃቸው ያለፈው ቅዳሜ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭን ነው። «ሞላ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው እኮ። ልክ እሱ የተቀመጠበት ላይ!»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደ ጠራ አላውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ የአሸተን ማርያም ተሳላሚ መሬት ወድቃ ሰገደች። ላሊበላ ተአምር የለመደ አገር ነው፤ ድንጋይ ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ወንበር ገብስ ቢያበቅል ማን ይደነቃል? ሰው የሚከራከረው ጠበሉን ከየት እንደሚቀዳ ነበር።

አያ ንጋቱ እየሮጡ መጡ። በሩን ሊዘጉ ሞከሩ፤ ሰው አላስጠጋቸው።

«ጓዶች! ጓዶች! ተአምር አይደለም! ተአምር ተከልክሏል!»

«ማን ከለከለው?» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

«አብዮቱ!»

«ለገብሱ ንገሩት።»

አያ ንጋቱ ጆሮዬን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ። «ምን አደረግሁህ? ሳምንት ቅቤ፣ ዛሬ ተአምር! ይህ ወሬ ደሴ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? መኪናዋን ይፈታሉ፤ እኔን ያስራሉ!»

እንደዚህ ስንባባል እልልታው ተቋረጠ። ዞር ስል እናቴ ቆማለች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ወጥታ አታውቅም ነበር። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጥቁሯን እንደ ለበሰች፣ ተጠግታ ወንበሩን አየችው። አንድ ቡቃያ ነቀለች። አሸተተች።

«ምንድን ነው የምትሉት?»

«ሞላ ነው፤ ሞላ ለምልክት የላከው ነው እህቴ» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

እናቴ ቡቃያውን እንደገና አየችው። «ሞላዬ?» አለች። «እርሻ ጠልቶ፣ ከአባቱ ተጣልቶ፣ ሞፈር አልጨብጥም ብሎ መኪና ላይ የወጣ ልጅ? በቁሙ ያልዘራ ልጄ ሞቶ ነው ገብስ የሚዘራ?»

ከዚያ ሳቀች። እኔ ልንገራችሁ፣ ያንን ሳቅ ከሁለት ወር በላይ አልሰማሁትም። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ከልቅሶው ደግሞ ወደ ሳቅ ተመለሰ። ሴቶቹ የትኛውን እንደሚያጅቡ ጠፋቸው። እኔም እንዲሁ።

ሁሉም እናቴን ሲያይ የእትዬ ፋንታዬ ፍየል በከፈትኩት በር ገብታለች። ስናያት ከተአምሩ የቀረው አንድ መደዳ ነበር፤ እሱንም ዓይናችን እያየ በላችው። አያ ንጋቱ ደስታቸው ልክ አጣ። ያን ሰዓት ፍየሏን ጓድ ብለው ሊጠሯት ምንም አልቀራቸውም።

«ወንበሩን ለእኔ ተዉት» አለች እናቴ ዓይኗን እየጠረገች። «አንተ እንደሆነ ገና ጤፍ ታበቅልበታለህ።»

ሰሙ በሳምንት ስላላለቀ በማግሥቱም ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተንበርክኬ ሰም ስፍቅ የኔታ ከአጠገቤ ቆሙ። እኔም ማስታወሻውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ይኸው የኔታ፣ ከራሴ አይደለም ያመጣሁት። ቅባት ይላል። ራሱ ነው የጻፈው።»

የኔታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አነበቡት። እንደ ቅኔ ነው ያነበቡት፤ አንድ ጊዜ በፍጥነት፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ንባብ ማን ነው ያስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት የኔታ።»

«ፊደል ነው ያስተማርኩህ። ንባቡን ሌላ ሰው ነው ያበላሸብህ። ሰሙን አንብበህ ወርቁን አልፈኸዋል። በል ንገረኝ፣ በር ሲንሳጠጥ ምኑን ትቀባለህ?»

«ማጠፊያውን።»

«በሩን በሙሉ ለምን አትቀባውም?»

«በሩማ አይንሳጠጥም...» አልኩና ቆምኩ።

«እህ?»

«የሚንቀሳቀሰው ነው የሚቀባው» አልኩ።

«እንግዲህ መኪናህ የሚንቀሳቀሰው የት የት ነው? እሱን ፈልግ።»

ሮጥኩ። ከወንበሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ነበር። ወንበሩን ስሰፋ ተቀምጬበታለሁ፤ ጣሪያውን ሳጥብ ቆሜበታለሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ጥቁር ግሪስ ነው፤ ከነመግፊያው። ለካ በቅባቱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ቅባት የፈለግሁት።

በጀርባዬ ተኝቼ ቦራ ሥር ገባሁ። ከዚያ በፊት ከሥሯ አይቻት አላውቅም ነበር። አንድ የብረት ጫፍ አየሁ፤ አጠገቡ የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ቀለም ነጥብ አለች። ራቅ ብሎ ሌላ፤ እሱም ላይ ቀይ ነጥብ። ከመሪው ሥር፣ ጭነቱን ከሚሸከመው ባሌስትራ ጫፍና ጫፍ፣ ወደ ኋላ ጎማ ከሚሄደው ዘንግ ላይ። ሞላ ግሪስ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ እንዳይረሳው በቀለም ምልክት አድርጎበታል። ወይም... ሌላ ሰው እንዳይረሳው። አላውቅም። ሃያ ሦስት ቆጠርኩ። ሃያ ሦስቱንም ገፋሁላቸው። አሮጌው ግሪስ ሲወጣ፣ አዲሱ ሲገባ፣ በጨርቅ እየጠረግሁ፣ ነጥቦቹን ግን ሳልነካ። ሲያልቅ ሌላ ይኖር ይሆናል እያልኩ ፈለግሁ። የለም። ቢሆንም አልወጣሁም። ጥቂት ቆየሁ።

አያ ንጋቱ ከውጪ የተዘረጋ እግሬን አይተው፣ «ኧረ ይህም ሞተ!» ብለው ሲጮኹ ነው የወጣሁት።

የቀረው ውጪዋ ነው። ከእንዶዱ በኋላ ቀለሟ ንጹሕ ነው፤ ግን ፈዟል፣ ደርቋል። ይህን ደግሞ ያስተማረኝ ንስሐዬ ነው። የምፍቀውን ሰም በጣሳ አጠራቅም ነበር። አንድ ጠዋት ጣሳው ላይ ውኃ ጠብ ሲል አየሁት፤ ውኃው አልተዘረጋም፣ እንደ ጨሌ ድቡልቡል ሆኖ ተንከባለለና ወደቀ። ብረት የሚዝገው በውኃ ነው፤ ሰምና ውኃ አይዋደዱም... ይህን አሳብ ከየት እንደማውቀው ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ፈራሁ። ይህን ጊዜ ትምህርቴን አላመንኩትም። ወደ የኔታ ሄድኩ።

«የኔታ፣ ሰም ያስገድፋል?»

«ሰም የንብ ነው። ጧፍ ሆኖ በጾም ስንት ቅዳሴ ይቆማል! ምን ልታደርገው ነው?»

ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሰሙን አንብበህ ወርቁን ሳትከው ብዬህ ነበር» አሉ እየሳቁ። «ለካ ወርቁ ራሱ ሰም ኖሯል! ውሰድ፤ ፍቀህ ያነሣኸው ቆሻሻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አይደለም።»

ሰሙን አቅልጬ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ከእሳት ካራቅሁ በኋላ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጨመርኩበት። መጀመሪያ የሞከርኩት በአንድ ፓራፋንጎዋ፣ ከጎማው በላይ ባለው የጭቃ መከላከያዋ፣ ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላ በኩል፣ ሰው በማያየው። አንድ ቀን ጠበቅሁ። ውሻ አልመጣም። ዝንብ አልመጣም። እትዬ ፋንታዬ መጡ፤ አሸተቱ፤ «ይህስ ደግ ነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ሙሉዋን ቀባሁ፤ ስስ አድርጌ፣ በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ እያሸሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። ለካቢናው እንጨትም፣ ለመሪውም አዳረስኩ። አበራች። ፀሐይ ወጣች፤ ቦራ ግን አልላበችም። አቧራ ቦነነ፤ በላባ ጠረግሁት፣ ሄደ።

እናቴ ወንበሩን የሠራችው በበግ ጠጉር ሞልታ ነው። ልብሱን የሰፋችው ሞላ ታሞ ከተኛበት ብርድ ልብስ ነው። ለማንም አልሰጥም ብላ ሣጥን ውስጥ የደበቀችው እሱን ነበር። ወንበሩን ስታለብሰው ጫፉን ያዝኩላት። በልኩ ነበር።

ኮሚቴው በሆሳዕና ዋዜማ መጣ። ሦስት ናቸው፤ በላንድሮቨር፣ በኩልመስክ መንገድ፣ እስከ ቅንድባቸው አቧራ ለብሰው። አለቃቸው ወጣት ነው፤ የቆዳ ጃኬት፣ አዲስ ጥቁር ጫማ፣ በብብቱ ማህደር። ፈገግታ የሚባል የለም። አያ ንጋቱ፣ «እንኳን ደህና መጡ ጓድ፣ ምሳ...» ሲሉት፣ «መጀመሪያ መኪናዋ» አለ።

ሥሯ ገባ። በነጭ ማህረቡ ከአንዱ ቀይ ነጥብ አጠገብ ጠረገ፤ ግሪሱን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አየ። ወጣ። ጠርሙስ ውኃ አስመጥቶ ኮፈኑ ላይ አፈሰሰ። ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ተንከባለለ። «ምን ተቀብታ ነው?» አለ። አያ ንጋቱ እኔን አዩኝ። እኔ እትዬ ፋንታዬን አየኋቸው። እትዬ ፋንታዬ ሰማይ አዩ።

«የአገር ውስጥ ምርት ነው» አሉ አያ ንጋቱ።

«ጥሩ» አለና ጻፈ። ወደ ካቢናው ሄደ። በሩን ከፈተ።

የሰሙ ሽታ ወጣ። ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ የቆየ የጧፍ ሽታ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጨለም ያለ። ሰውየው ቆመ። ከዚያ፣ ዓይኔ እያየ፣ ጎንበስ አለና የቀኝ ጫማውን አወለቀ። የግራውን አወለቀ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን ወደ በሩ መቃን ዘርግቶ ለመሳለም ግንባሩን ዘንበል አደረገ።

እዚያው ላይ ባነነ።

ከጓደኞቹ አንዱ በቀስታ፣ «ጓድ... ጫማህን...» አለው።

ሰውየው ቀጥ አለ። ጆሮው ቀልቷል። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። «ለንጽሕና ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ይጻፍ! ወደዚህች መኪና የሚገባ ማንኛውም ጓድ ጫማውን ያወልቃል። የሕዝብ ንብረት ነው!»

«ይጻፍ» አሉ አያ ንጋቱ።

«አሜን» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

በካልሲው ገብቶ የእናቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ። ቦራ በመጀመሪያው ተነሣች። ጥቂት አዳመጣት፣ እግሩን ጫን አደረገ፣ አዳመጣት። ሞላ ከመንገድ ሲገባ እንደሚያደርገው ጡሩምባዋን ነፋ። እናቴ ከቤት እየሮጠች ስትወጣ አየኋት። ደጃፉ ላይ ቆመች። ማን እንደ ነፋው አውቃለች፤ ግን አልተመለሰችም፤ እዚያው ቆማ ሰማችው።

«ይህች አትፈታም» አለ ሰውየው ሞተሩን ሳያጠፋ። «ከፋሲካ በኋላ ሾፌር ይላክላችኋል።»

እልልታው ጆሮ ያደነቁር ነበር። አያ ንጋቱ የኔታን አቀፉ፤ በስብሰባ ሕግ የተከለከለ ይመስለኛል። ሰውየው ግን በእልልታው መሐል ማህደሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጽፍ ነበር። ቀና አለ።

«ማን ነው የያዛት?»

አያ ንጋቱ ከጀርባዬ ገፉኝ። ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ሾፌር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«መካኒክ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኗ ነህ?»

ስንት ወር ሙሉ ሰው የሞላ ምኑ ነህ ሲለኝ የምመልሰው አንድ መልስ ነበር። እሱው ከአፌ ወጣ።

«ወንድሟ ነኝ።»

ሰው ሊስቅ ነበር። ሰውየው ግን አልሳቀም። አንድ ጊዜ ፊቴን፣ አንድ ጊዜ የተቀመጠበትን ብርድ ልብስ አየ። ከዚያ እንዳልኩት ጻፈው፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። ወረቀቱ ማህበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሂዱና አንብቡት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ይላል፦ መኪናዋ ባለችበት ትቀጥላለች፤ ኃላፊ፣ ወንድሟ።